ተነስቶ የሚጠፋ መኪና፦ ከጅማ አሽከርካሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የቆየ የቤንዚን ኢንጀክሽን መኪና፣ ማለትም ቤንዚኑ በኮምፒውተር ትእዛዝ ወደ ሞተሩ የሚረጭለት መኪና፣ ለሚነዱ ነው። ኮሮላ፣ ስታርሌት፣ ካሪና፣ የመጀመሪያዎቹ ቪትዞች፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠሩ ሆንዳና ኒሳኖች። የናፍጣ መኪና ጠባዩ ሌላ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ፣ ያለንን መኪና በአግባቡ ማቆየት የግድ ሆኗል።

መኪናዬ ይነሳና ወዲያው ይጠፋል። ምን ዕቃ ልግዛ?

ለጊዜው ምንም አትግዙ። ጅማ ላይ የማይገኝ ዕቃ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው የሚመጣው። ያገለገለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደግሞ አንዴ ከተገጠመ ሻጩ መልሶ አይቀበልም። መጀመሪያ ካንዴላ፣ ቀጥሎ ፓምፕ፣ ከዚያ ቦቢና (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ዕቃ) እየተባለ ሲቀየር ብሩ ያልቃል፤ መኪናው ግን እንደነበረው ነው።

ሞተሩ መነሳቱ ራሱ ጥሩ ወሬ ነው። ለዚያች ቅጽበት የካንዴላ እሳትም፣ ቤንዚንም፣ የሲሊንደር ግፊትም አለው ማለት ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ከተነሳ በኋላ የሚጎድለውን ነገር ነው። እሱን የሚነግረን ደግሞ የሚጠፋበት ሰዓት ነው። ቁልፉን በለቀቃችሁበት ቅጽበት ነው የሚጠፋው? ሁለት ሦስት ሰከንድ ሠርቶ ነው? ነዳጅ እየሰጣችሁት ቆይቶ እግራችሁን ስታነሱ ነው? ወይስ ሲሞቅ ነው? ወደ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹት። የዳሽቦርዱ መብራቶችም የሞተሩ ድምፅም ይግቡበት። መኪና መካኒክ ፊት ሲደርስ ደህና መሆን ይወዳል፤ ቪዲዮው ግን ያያችሁትን እንዳለ ያሳያል።

ቁልፉን ስለቀው ነው የሚጠፋው። ምን ማለት ነው?

ከሁሉም በላይ የሚያግዝ ምልክት ይህ ነው፤ ፍለጋውን በጣም ያጠበዋል። ቁልፉን ወደ ማስነሻው ስትጠመዝዙት ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት መስመር አለ። ለቃችሁት ተመልሶ ሲቆም የሚሄድበት መስመር ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ደህና ሆኖ ሁለተኛው ከተቋረጠ ሞተሩ ይነሳል፣ ስትለቁት ይጠፋል።

መጀመሪያ የሚታየው ከቁልፉ ኋላ ያለው ስዊች ነው። ለዓመታት ብዙ ቁልፍ ተንጠልጥሎበት የቆየ ከሆነ ውስጡ ይበላል። ፈተናው ቀላል ነው። የመፈተሻ መብራት ቦቢናው ኤሌክትሪክ የሚቀበልበት ሽቦ ላይ አድርጋችሁ ሌላ ሰው ያስነሳ። ቁልፉ ሲለቀቅ መብራቱ አብሮ ከጠፋ ችግሩ ስዊቹ ወይም ከስዊቹ የሚመጣው መስመር ነው። አንዳንድ በጣም የቆዩ መኪኖች ላይ ከቦቢናው በፊት ነጭ የሴራሚክ ሬዚስታንስ አለ። በማስነሻ ጊዜ ኤሌክትሪኩ እሱን አልፎ ይሄዳል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ግን በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ሬዚስታንሱ ከተበጠሰ ምልክቱ ከስዊቹ ጋር አንድ ዓይነት ነው።

መብራቱ ካልጠፋ ወደ ቤንዚን ፓምፑ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ስዊች) እንሄዳለን። የቆዩት ቶዮታዎች ላይ ይህ ሪሌ ውስጡ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለው። አንዱ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲዞር ብቻ ይሠራል። ሁለተኛው ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ይረከበዋል። ሁለተኛው ካልተረከበ ፓምፑ ይቆማል። አየር የሚለካበት ሳጥን ውስጥ የምትከፈት በር ባላቸው የድሮ ሞዴሎች፣ ፓምፑን እንዲቀጥል የሚያዘው ያቺ በር የምትነካው ስዊች ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ከሳጥኑ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ ከተቀደደ ሞተሩ አየሩን በቀዳዳው ይስባል፣ በሯ አትከፈትም፣ ፓምፑም ይቆማል። ቱቦውን እጥፋቱ ድረስ እየለጠጣችሁ እዩት፤ ቅዳዱ የሚደበቀው እጥፋቱ ውስጥ ነው።

ቶዮታ ላይ ኮፈኑ ሥር ባለው የመመርመሪያ ሳጥን ውስጥ «ቢ ፕላስ» እና «ኤፍ ፒ» የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ብታገናኙ ፓምፑ በቀጥታ ይሠራል። ሽቦው ተገናኝቶ መኪናው ካልጠፋ ፓምፑም ፊልትሮውም ነፃ ናቸው፤ ፍለጋው ሪሌውና ትእዛዙ ላይ ይሆናል። ይህ ለመፈተሻ ብቻ ነው። በዚያ ሁኔታ እንዳትነዱት፤ ግጭት ቢፈጠር ፓምፑ ራሱን አያጠፋም።

ሆንዳ ያላችሁ ደግሞ ዋናውን ሪሌ አስከፍቱት። ከሥሩ ካሉት የሽያጭ ነጥቦች በአንዱ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር ቀለበት ታያላችሁ። ሽያጩ ተሰንጥቆ ነው። ፀሐይ ላይ ሲቆም እንቢ የሚል፣ ማታ ግን ደህና የሚነሳ ሆንዳ ብዙ ጊዜ በሽታው ይህ ነው። አዲስ ሪሌ ሳይገዛ እንደገና በመበየድ ይድናል።

አላርም ተገጥሞለታል። እሱ ሊሆን ይችላል?

በደንብ ይችላል። እንዲያውም ከፋብሪካ ዕቃ በፊት እሱን ነው የምጠረጥረው። እዚህ አገር የሚገጠመው አላርም ሁሉ ማለት ይቻላል የቤንዚን ፓምፕ ወይም የማስነሻ መስመር ቆርጦ በራሱ ሪሌ ያሳልፋል። ከመሪው ሥር ያለውን ፕላስቲክ አውርዳችሁ እዩ። በእጅ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ካገኛችሁ ናስትሮውን ክፈቱት። የጅማ እርጥበት እዚያ ውስጥ ሥራውን ሲሠራ ከርሟል፤ ሽቦው አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የቦታ መከታተያ ጂፒኤስም የማጥፊያ ሪሌ ካለው እንደዚሁ ነው። ለፈተና የተቆረጠውን መስመር በቀጥታ አገናኝቶ ማስነሳት ይበቃል፤ ካልጠፋ ተገኘ ማለት ነው።

የፋብሪካ የቁልፍ መለያ ያላቸው አንዳንድ መኪኖች፣ በተለይ የአውሮፓዎቹ፣ ቁልፉን ካላወቁት ተነስተው በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ይጠፋሉ። ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ብልጭ ድርግም ካለ ሁለተኛውን ቁልፍ ሞክሩ።

ሁለት ሦስት ሰከንድ ይሠራና እየደከመ ይጠፋል።

እየደከመ የሚጠፋ ከሆነ ቤንዚን እያነሰው ነው። መስመሩ ውስጥ የቀረችውን ይጨርስና ይቆማል። ድንገት ቀጥ የሚል ግን ኤሌክትሪክ ወይም እሳት ነው የጎደለው። ይህንን ልዩነት በጆሮ መለየት ይቻላል።

የኋላ መቀመጫው ሥር ጆሯችሁን አድርጋችሁ ቁልፉን ክፈቱ። ሆንዳና ኒሳን ላይ ፓምፑ ለጥቂት ሰከንድ ዝዝ ማለት አለበት። የቆዩት ቶዮታዎች ግን ብዙዎቹ ሞተሪኖው ካልዞረ ድምፅ አይሰጡም። ስለዚህ ኮሮላ ዝም ስላለ ብቻ «ፓምፑ ሞቷል» አይባልም። በዚህ ምክንያት ብቻ ብዙ ደህና ፓምፕ ተቀይሯል።

ትክክለኛው መልስ የሚገኘው በግፊት ጌጅ ነው። አብዛኞቹ እነዚህ ሞተሮች ከ2.5 እስከ 3 ባር ገደማ ይፈልጋሉ። ጌጅ ያለው ጋራዥ ፈልጉ፤ ከአንድ የተሳሳተ ፓምፕ ዋጋ ይሻላል። ግፊቱ ዝቅ ካለ መጀመሪያ ፊልትሮው ይታይ። የግፊት መቆጣጠሪያው ላይ የተሰካችውን ትንሽ የአየር ቱቦም ንቀሏት። ውስጧ ቤንዚን ካለ ወይም ከሸተተ መቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው ሽፋን ተቀዷል።

ጌጅ ከሌለ ልምድ ያለው መካኒክ ትንሽ የማስነሻ ስፕሬይ በአየር ማስገቢያው ይሰጠዋል። እየተሰጠው መሥራቱን ከቀጠለ እሳቱ ደህና ነው፣ የጎደለው ቤንዚን ነው። ይህን ብቻችሁን አትሞክሩት። ስፕሬዩ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ የተፈታ የቤንዚን ቱቦ አጠገብ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበት ይሆን?

ጅማ ዝናቧ ብዙ ወር ስለሚቆይ ጥያቄው ተገቢ ነው። በተለይ ማደያው ቤንዚን አጥቶ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ከቀዳችሁ፣ ወይም የታንኩ ክዳን ጎማ ካለቀ፣ ይህን ቀድማችሁ ፈትኑ።

ከታንኩ ወይም ከፊልትሮው በፊት ካለው ቱቦ ጥቂት ቤንዚን በጠራ የብርጭቆ ጠርሙስ ቅዱ። ከእሳትና ከሲጋራ ርቃችሁ፣ ሳትነኩት ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጡት። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ጥርት ያለ መስመር ታያላችሁ፤ ከሥር ውሃው፣ ከላይ ቢጫ ያለው ቤንዚን። አንዳንዴም ታች ተንከባላይ ጠብታዎች ብቻ ይኖራሉ፤ እነሱም ይበቃሉ። ፓምፑ ከታንኩ ሥር ስለሚስብ የመጀመሪያው ጉርሻ ውሃው ነው።

ከተገኘ ታንኩ ይራገፋል፣ ፊልትሮው ይቀየራል። «ጥሩ ቤንዚን ጨምርበት፣ ይቀላቀላል» የሚለውን ምክር አትስሙ፤ ውሃና ቤንዚን አይቀላቀሉም።

ነዳጅ ስሰጠው ይሠራል፣ እግሬን ሳነሳ ይጠፋል።

ይህ የሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር፣ ችግር ነው። ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚተነፍሰው በትንሽ የአየር መንገድ ነው፤ ያንን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ አለ። በዓመታት ውስጥ ጥቁር ጥላሸት ይዘጋዋል። የኮሮላና የስታርሌት ሞተሮች ላይ በጣም የተለመደ ነው። ቫልቩን ፈትቶ በካርቡራቶር ማጽጃ ስፕሬይና በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል። በሽቦ አይቧጨርም።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ የነዳጅ በሩን (ነዳጅ ስትረግጡ ለአየር የሚከፈተውን) ማቆሚያ ቡሎን አጥብቆ ሚኒሞ ከፍ ማድረግ መፍትሔ አይደለም። መኪናው ያን ቀን ይሠራል፤ እናንተም ከፍላችሁ ትሄዳላችሁ። በሩ ግን ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ የበሩ ሴንሰር የተሳሳተ መረጃ ለኮምፒውተሩ ይልካል። ከዚያ በኋላ ዋናውን ችግር መፈለግ እጥፍ ይከብዳል።

ቫልቩ ንጹሕ ከሆነ የአየር መግቢያ ቀዳዳ ይፈለግ። ከሞተሩ ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደው ወፍራም ቱቦ፣ የዘይት ትነት የሚመልሰው ቱቦ፣ የማኒፎልዱ (አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በመጋጠሚያው መሃል ያለው ማሸጊያ። ሲስ የሚል ድምፅ አድምጡ። ሞተሩ ሳይሞቅ ቱቦዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ብትረጩና ዙሩ ቢለወጥ ቀዳዳው እዚያ ነው። አየር የሚለካ ሳጥን ባላቸው መኪኖች የዘይት ክዳን በደንብ አለመጠምዘዝ ወይም የዘይት መለኪያውን ዘንግ በትክክል አለመመለስ ብቻ ሞተሩን ሊያጠፋው ይችላል። ዘይት ከተቀየረ ማግስት የጀመረ ችግር ከሆነ መጀመሪያ እሱን እዩ።

የማኒፎልድ ግፊት በሚለካ ሴንሰር የሚሠሩት ደግሞ ከማኒፎልዱ ወደ ሴንሰሩ የምትሄድ ቀጭን የጎማ ቱቦ አላቸው። ጫፏ ላይ ትሰነጠቃለች። ያኔ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ከባድ ጭነት ላይ ያለ ይመስለውና ቤንዚን ያበዛል። ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ የራሰ ካንዴላ ካያችሁ ይህችን ቱቦ አስቡ። ጫፏን ቆርጦ መልሶ መሰካት ነው፤ ብር አይጠይቅም።

ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የሚያስቸግረው።

የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን አስለኩ። ኮምፒውተሩ ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የሚጨምረው በእሱ ቃል ነው። ሴንሰሩ ሁልጊዜ «ሞቋል» ካለ ጠዋት ቤንዚን ያንሰዋል። ቶዮታ ላይ በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም ገደማ ያሳያል። ስትገዙ ተጠንቀቁ፦ ብዙ መኪና ላይ ሁለት ሴንሰር አለ። ባለ አንድ ሽቦው ለዳሽቦርዱ ጌጅ ነው፤ የምትፈልጉት ባለ ሁለት ሽቦውን ነው።

ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል።

ቦቢናው፣ ከእሱ ጋር ያለው የእሳት ሞጁል፣ ወይም ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ውስጥ ያለው ሴንሰር። እንደጠፋ፣ ሳይቀዘቅዝ በፊት እሳት አለ ወይስ የለም የሚለውን ማየት ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ቀዝቅዞ ጋራዥ ቢደርስ ምንም አይገኝበትም። ቁልፉን ዘግታችሁ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ቦቢናው ላይ አቆዩ፤ ወዲያው ከተነሳ ተጠርጣሪው እሱ ነው።

የኮምፒውተር ማንበቢያ መኪናዬ ላይ አይገባም ተባልኩ። ታዲያ በምን ይመረመራል?

በራሱ መብራት። የቆዩት ቶዮታዎች ላይ በመመርመሪያ ሳጥኑ ውስጥ «ቲ ኢ 1» እና «ኢ 1» የተባሉትን በሽቦ አገናኙ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ሳያቋርጥ እኩል ከተመታ የተመዘገበ ስህተት የለም። ካለ በቡድን በቡድን ይመታል፤ ሁለቴ፣ ቆም ብሎ ሁለቴ ከሆነ 22 ነው። 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰር፣ 31 የአየር ወይም የማኒፎልድ ግፊት መለኪያ፣ 41 የነዳጅ በር ሴንሰር፣ 12 ደግሞ የሞተር ዙር ምልክት አለመድረሱ ነው። ቁጥሩ የሚነግራችሁ የትኛው መስመር እንደተጓደለ ነው። ሴንሰሩ ራሱ መሞቱን አይነግራችሁም፤ ፊሹን (የሽቦውን መሰኪያ) እና ሽቦውን ሳታዩ አትግዙ።

ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ራስ ነቅሎ ዲናሞን መፈተሽ ችግር አለው?

አለው፣ ከባድ ችግር። ባትሪው ሲነሳ የዲናሞው ቮልት ድንገት ይዘላል፤ ኮምፒውተሩንም ዲናሞውንም ሊያቃጥል ይችላል። ቤንዚኑን ያለ ኮምፒውተር ለሚቀላቅለው የድሮ የካርቡራቶር መኪና የተለመደ ልማድ ነበር። ለኢንጀክሽን ግን ክልክል ነው፤ መካኒኩ ሊነቅል ሲል ካያችሁት በትህትና አስቁሙት። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ በቴስተር 13.8 እስከ 14.5 ቮልት ገደማ ከተነበበ ዲናሞው ደህና ነው።

«ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» አሉኝ።

ሊሆን ይችላል፤ ግን መጨረሻ ላይ የሚደረስበት ፍርድ ነው። ኮምፒውተሩ መሬት የሚያገኝባቸው ሽቦዎች ሞተሩ ላይ በቡሎን ታስረዋል። ቡሎኑ ሲዝግ ወይም ጥገና ላይ ሳይታሰር ሲቀር መኪናው እንደ ተቃጠለ ኮምፒውተር ያደርገዋል። ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው ይመልሱት።

ወደ ካርቡራቶር ብቀይረውስ?

አይሆንም። የኢንጀክሽን ፓምፕ የሚሰጠው ግፊት ካርቡራቶር ከሚችለው ብዙ እጥፍ ነው፤ ፓምፑም መስመሩም አብሮ ካልተቀየረ ቤንዚን ትኩስ ሞተር ላይ ይፈሳል። ቤንዚን ይበላል፣ ዋጋውም ይወርዳል።

ጅማ ውስጥ ደህና ነው፣ ጊቤ ላይ ነው የሚጠፋብኝ። ከፍታው ነው?

ከፍታው አይደለም። ጅማ ወደ 1,780 ሜትር ላይ ናት፤ ከአሰንዳቦና ከሰኮሩ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ በጣም ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ወልቂጤ ይወጣል። ኢንጀክሽን የአየሩን ለውጥ እየለካ ቤንዚኑን ያስተካክላል። ጊቤ ላይ የሚለወጠው ሙቀቱና ጭነቱ ነው። በሜዳ ሚዛን የያዘ የተዘጋ ፊልትሮ ወይም የደከመ ፓምፕ ዳገቱ ላይ ይጋለጣል። የጭስ መውጫው ካታሊስት (ጭሱን የሚያጣራው) ከተዘጋም እንዲሁ ነው፤ ከኋላ ያለውን ቱቦ ሳትነኩ መዳፋችሁን ራቅ አድርጋችሁ ትንፋሹን እዩት፣ ደካማ ከሆነ ጠርጥሩ። ከጉዞ በፊት የጅሬንን ዳገት ሁለት ሦስት ጊዜ ብትወጡት ብዙውን ከተማ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ቁልቁለት ላይ ከጠፋባችሁ ደግሞ ፍሬኑን ደጋግማችሁ አትምቱ። ማገዣው ውስጥ የቀረው አቅም ለአንድ ሁለት ርግጫ ብቻ ነው። አንዴ ረግጣችሁ ያዙ፣ ማርሹን ዝቅ አድርጉ፣ መሪው እንደሚከብድ አውቃችሁ አጥብቃችሁ ያዙት። ቁልፉን ወደ መጨረሻው አትመልሱት፤ መሪው ይቆለፋል። ዳር ይዛችሁ ከቆማችሁ በኋላ የእጅ ፍሬን ስባችሁ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ማስነሳቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።